ሞት የቀነሰው በመድኃኒቱ ነው ማለት በምን ይቻላል?

ጥያቄው የቀረበው በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ በመረጃ ሥራ ላይ ከተሰማሩ ባለሙያ ሲሆን፣ ፍሬ ነገሩ የሚከተለው ነው። የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና ወደ ገጠር ከተስፋፋ ወዲህ የአዋቂዎች ሞት በእጅጉ መቀነሱ በየሪፖርቱ ይነገራል። ነገር ግን ወረርሽኙ በራሱ ጊዜ ረግቦ ሊሆን ሲችል ቅነሳው የመድኃኒቱ ውጤት ነው የሚባለው በምን ማስረጃ ነው? በዚያ ላይ ጠያቂው በእጃቸው በሚገኘው መዝገብ ሕክምና ከጀመሩት መካከል ጥቂት የማይባሉት በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲሞቱ ያያሉ፤ ይህስ ከሚነገረው ጋር እንዴት ይታረቃል?

መልሱን አስቀድሜ ልናገር። ቅነሳው እውነተኛ ነው፤ የሚበዛው እጁም የሕክምናው ውጤት ነው። ይህን ግን ከጤና ጣቢያ መዝገብ ብቻ ማወቅ አይቻልም፤ መዝገቡ የሚያውቀው ደጃፉን የረገጡትን ሲሆን፣ የሚጠየቀው ደግሞ ስለ መንደሩ ሰው ሁሉ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎችዎ በመሠረቱ አንድ የሚሆኑት እዚህ ላይ ነው፤ ሞትን የምንቆጥረው ከየትኛው ሕዝብ መካከል ነው? ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመዝገቡ እንጀምር። አንድ ሰው በሕክምና መዝገብ ላይ "ሞተ" ተብሎ እንዲጻፍ በመጀመሪያ መመርመር፣ ቀጥሎ ውጤቱን ተቀብሎ ወደ ሕክምና መምጣት፣ መድኃኒቱን መጀመር፣ በመጨረሻም በሞተ ጊዜ መሞቱን ለጤና ጣቢያው የሚያሳውቅለት ሰው ማግኘት አለበት። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ሞቱ አይታይም። ሳይመረመር ቤቱ የሞተ ሰው በየትኛውም ዓምድ ላይ የለም፤ ጀምሮ የቀረው ደግሞ "ከክትትል የጠፋ" ተብሎ፣ በሕይወት ይኑር ይሙት ሳይታወቅ፣ ብዙ ጊዜ ከስሌቱ ይወጣል። ይህ የመጨረሻው ቀላል ስሕተት አይደለም። የ17 ጥናቶችን ውጤት ያጣመረና በ2009 የታተመ አንድ ትንተና እንዳሳየው፣ ከክትትል ጠፍተው ከነበሩትና ተፈልገው ያሉበት ሁኔታ ከተረጋገጠው ታካሚዎች መካከል 40 በመቶ ያህሉ ሞተው ተገኝተዋል። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ የሞቱት ጥቂት፣ የጠፉት ግን ብዙ የሆኑበት ጣቢያ ጥሩ ውጤት ያስመዘገበ ቢመስልም፣ የሞቱትን በትጋት ፈልጎ ከመዘገበ ጎረቤቱ የባሰ ሊሆን ይችላል። ትጉህ መዝጋቢ በሪፖርት ላይ እንደ ደካማ የሚታይበት ይህ አሠራር፣ በእኔ እምነት፣ የዘርፉን መረጃ ለብዙ ዓመታት አዛብቶታል።

የተሟላ የልደትና የሞት ምዝገባ ባለባቸው አገሮች ይህን ክፍተት የሚሞላው የመንግሥት መዝገብ ነው። ከሰሃራ በታች ባሉ አብዛኞቹ የአፍሪካ ገጠሮች ግን ሰው ቤቱ ይሞታል፣ በቀዬው ይቀበራል፣ ሐኪም የፈረመበት የሞት ምክንያት ሳይጻፍለት ይቀራል። የሕክምናው መስፋፋት በገጠር ሞት ላይ ያመጣውን ለውጥ ለማወቅ የተቻለው፣ ተመራማሪዎች የተወሰነ አካባቢን ከልለው በውስጡ የሚኖረውን ሰው ሁሉ፣ የታመመውንም ጤነኛውንም፣ በየጊዜው ቤት ለቤት እየዞሩ ስለመዘገቡ ነው። በየዙሩ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደመጣና እንደሄደ ይጠየቃል። ሞት ሲያጋጥም የሠለጠነ ጠያቂ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ ሐዘንተኛው ቤተሰብ ሄዶ ሟቹ ከመሞቱ በፊት ስለታየበት ምልክት ይጠይቃል፤ ትኩሳቱ ምን ያህል ቆየ፣ ሳል ነበረው ወይ፣ ክብደቱ ቀንሶ ነበር ወይ፣ ተቅማጡ ስንት ሳምንት ዘለቀ። ከመልሶቹ በመነሣት ሐኪሞች ወይም የኮምፒውተር ስሌት ለሞቱ የሚቀርበውን ምክንያት ይወስናሉ። ዘዴው ስለ አንድ ሟች ሊሳሳት ይችላል፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሞቶችን አንድ ላይ ሲያዩት ግን የአቅጣጫ ለውጥን በደንብ ያሳያል። ኤችአይቪን በተመለከተ አልፋ የተባለው የምርምር መረብ እንዲህ ያሉ ቦታዎችን ያስተሳሰረ ሲሆን፣ ከእነርሱም መካከል የማላዊው ካሮንጋ፣ የታንዛኒያው ኪሴሳ፣ የኡጋንዳዎቹ ራካይና ማሳካ፣ የዚምባብዌው ማኒካላንድ፣ እንዲሁም በደቡብ አፍሪካ ክዋዙሉ ናታል የሚገኘው ኡምካንያኩዴ ይገኙበታል።

አሁን ወደ ጥርጣሬዎ ልምጣ፤ ተገቢ ጥርጣሬ ነው። ካልታከመ ቫይረሱ ወደ ሰውነት ከገባበት ጊዜ እስከ ሞት ያለው ርቀት በአዋቂዎች ላይ በአማካይ 10 ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ የሞት ኩርባ አዲስ የሚያዙትን ሰዎች ኩርባ በአሥር ዓመት ያህል ወደኋላ ቀርቶ ይከተለዋል። አዲስ የሚያዙት ቁጥር በ1990ዎቹ አጋማሽ ጣሪያ ላይ ደርሶ መውረድ በጀመረበት አካባቢ፣ ምንም መድኃኒት ባይኖር እንኳ ሞት በ2000ዎቹ አጋማሽ መውረድ ይጀምር ነበር። ሕክምናው በነጻ ወይም በአነስተኛ ዋጋ ወደ ብዙ የአፍሪካ አገሮች የገባውም ከ2003 እስከ 2006 ባለው በዚያው ጊዜ ነው። ሁለቱ በአንድ ወቅት በመግጠማቸው "ከዚያ በፊት ይህን ያህል ይሞት ነበር፣ አሁን ይህን ያህል" የሚለው ንጽጽር ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። የሚያስፈልገው፣ መድኃኒቱ ሥራውን ሠርቶ ከሆነ ሊታይ የሚገባው፣ ወረርሽኙ በራሱ ረግቦ ከሆነ ግን ሊታይ የማይገባው ምልክት ነው።

ይህን ምልክት ቀድመው ካሳዩት አንዱ በካሮንጋ የተካሄደውና በ2008 የታተመው ጥናት ነው። በክትትሉ ሥር 32,000 ያህል ሕዝብ ነበረ፤ ምዝገባው በ2002 ተጀመረ፤ የፀረ ኤችአይቪ ክሊኒክ በወረዳው የተከፈተው በሰኔ 2005 ነው። ከዚያ በፊት በዚህ አካባቢ አንድ የ15 ዓመት ወጣት 60 ዓመት ሳይሞላው የመሞት ዕድሉ 43 በመቶ ነበር፤ ከ15 እስከ 59 ባለው ዕድሜ ከሞቱት መካከልም 65 በመቶ ያህሉ የሞቱት በኤድስ ነው። ክሊኒኩ በተከፈተ በስምንት ወር ውስጥ ሕክምና ያገኙት 107 አዋቂዎች ብቻ ነበሩ፤ መጀመሪያ ላይ ሕክምናው ያስፈልጋቸዋል ተብለው የተገመቱት ደግሞ 334 ናቸው። ከዚህ ጥቂት ቁጥር ምን ይጠበቃል ያሰኛል። በዚያው ጊዜ ከ15 እስከ 59 ዓመት ባሉት ላይ የሞት መጠን ከ1,000 ሰዎች በዓመት ከ10.2 ወደ 8.7 ወረደ፤ የዕድሜና የመሳሰሉት ልዩነቶች ሲስተካከሉ ቅነሳው 10 በመቶ ያህል ሲሆን፣ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን እንደሚችልም አጥኚዎቹ አልሸሸጉም። ወሳኙ ነገር ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። በዋናው መንገድ አጠገብ በሚኖሩት ላይ፣ ማለትም በሽታው ቀድሞ በጸናባቸውና ወደ ክሊኒኩ ለመድረስ በሚቀላቸው ሰዎች ላይ፣ ሞት ከ13.2 ወደ 8.5 ወርዶ የ35 በመቶ ቅነሳ ታየ። ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ ግን ምንም ለውጥ አልታየም።

ይህን ሁለት ጊዜ ማንበብ ይገባል። ቅነሳውን ያመጣው ጥሩ ዝናብ፣ የምግብ መሻሻል ወይም የወባ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ አረጋውያኑም በተጠቀሙ ነበር። ወረርሽኙ በራሱ እየረገበ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ቅነሳው የክሊኒኩን መከፈቻ ወር ጠብቆ በመንገዱ ዳርና ዳር ሊደረደር ባልቻለ ነበር። ሞት የቀነሰው መድኃኒቱ በደረሰበት ጊዜ፣ መድኃኒቱ በደረሰበት ስፍራ፣ መድኃኒቱ በሚመለከተው ዕድሜ ላይ ነው። ሦስቱ አንድ ላይ ሲገጥሙ ሌላ ማብራሪያ መፈለግ አስቸጋሪ ይሆናል። መድኃኒቱ ለጥቂቶች ብቻ ደርሶ ለውጡ ቶሎ የታየውም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በዚያ ጊዜ መጀመሪያ ወደ ክሊኒኩ የሚመጡት ሕመሙ እጅግ የጸናባቸው፣ በዚያው ዓመት ሊሞቱ የነበሩ ሰዎች ናቸው።

የኡምካንያኩዴ ማስረጃ ደግሞ በጊዜ ርዝማኔውና በስፋቱ ይበልጣል። በዚህ የዙሉ ገጠር የመንግሥት የሕክምና ፕሮግራም የተጀመረው በ2004 ነው። ከ100,000 በላይ ሰዎችን ያካተተውና በ2013 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ የአዋቂዎች የሚጠበቅ ዕድሜ በ2003 ከነበረበት 49.2 ዓመት በ2011 ወደ 60.5 ዓመት ከፍ ብሏል፤ በስምንት ዓመት ውስጥ የ11.3 ዓመት ጭማሪ ማለት ነው። ሰላም በሰፈነበት ጊዜ የአንድ ሕዝብ ዕድሜ በዚህ ፍጥነት ሲያድግ እምብዛም አይታይም። በዚህ አካባቢ የእርስዎ ጥርጣሬ ማለትም "በራሱ ረግቦ ይሆናል" የሚለው ሐሳብ ይበልጥ ይደክማል፤ ምክንያቱም በፕሮግራሙ የመጀመሪያ ዓመታት በዚያ አዲስ የሚያዙ ሰዎች ቁጥር ስለመቀነሱ ማስረጃ አልተገኘም። በሽታው በሰፊው መተላለፉን ሳያቆም የሚሞተው ሰው ግን ቀነሰ። ከጭማሪው የሚበዛው ከኤችአይቪ ጋር የተያያዙ ሞቶች ስለቀነሱ የመጣ መሆኑም በምክንያት ተለይቶ ታይቷል። አጥኚዎቹ ወጪውንም አስልተው ነበር፤ አንድ የሕይወት ዓመት ለማትረፍ 1,593 የአሜሪካ ዶላር የተጠየቀ ሲሆን፣ ይህ በ2011 ከነበረው የደቡብ አፍሪካ የነፍስ ወከፍ ገቢ ሩብ እንኳ አይሞላም።

"የሚጠበቅ ዕድሜ" የሚለው መለኪያ ብዙ ጊዜ በስሕተት ስለሚነበብ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። 49.2 ማለት ሰዎች ሁሉ በ49 ዓመታቸው ይሞቱ ነበር ማለት አይደለም። ዛሬ 15 ዓመት የሆነው ሰው፣ በየዕድሜው በዚያ ዓመት የታየው የሞት መጠን በዘመኑ ሁሉ ሳይለወጥ ቢጠብቀው፣ በአማካይ እስከ ስንት ዓመቱ ይኖር እንደነበር የሚናገር ስሌት ነው። መለኪያው ለኤችአይቪ እጅግ ስሱ የሚሆነው በሽታው የሚገድለው በ25 እና በ45 ዓመት መካከል ስለሆነ ነው። የ75 ዓመት አዛውንት ሞት ሲቀር ከስሌቱ የሚተርፈው ጥቂት ዓመት ነው፤ የ30 ዓመት እናት ሞት ሲቀር ግን አርባ ዓመት ይተርፋል። ስለዚህ በሌሎች ሕመሞች የሚሞቱት ቁጥር ሳይነካ የሚጠበቀው ዕድሜ በአንድ ጊዜ ሊመነጠቅ ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ሕክምና በጀመሩት ላይ ስለሚታየው የመጀመሪያ ወራት ሞት ነው። የሚያዩት ትክክል ነው፤ በብዙ አገሮችም ታይቷል። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ የተገኙ መረጃዎችን ያነጻጸረና በ2006 የታተመ ጥናት በደሃ አገሮች ሕክምና ከጀመሩት መካከል በመጀመሪያው ዓመት 6.4 በመቶ ሲሞቱ በሀብታም አገሮች 1.8 በመቶ ብቻ እንደሞቱ አሳይቷል፤ ልዩነቱም የጎላው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነበር። ከሰሃራ በታች ከሚገኙ ፕሮግራሞች የወጡ ሪፖርቶች ሲጠቃለሉ ደግሞ የመጀመሪያው ዓመት ሞት ከ8 እስከ 26 በመቶ ደርሶ ተገኝቷል። ምክንያቱ የመድኃኒቱ መርዛማነት አይደለም፤ ሰዎቹ የሚመጡት የሲዲ4 ቁጥራቸው፣ ማለትም የመከላከል አቅምን የሚያመለክተው የነጭ ደም ሕዋስ ቁጥር፣ ከ100 በታች ወርዶ፣ ያልታወቀ ሳንባ ነቀርሳ ወይም በፈንገስ የሚመጣ የማጅራት ገትር ይዘው፣ ሰውነታቸው መንምኖ ነው። መድኃኒቱ የቫይረሱን መባዛት በጥቂት ሳምንታት ቢገታም፣ የፈረሰው የመከላከል አቅም የሚጠገነው በወራትና በዓመታት ነው፤ በመካከሉ ያለው ጊዜ አደገኛ ነው። አንዳንዴም እያገገመ ያለው የመከላከል አቅም በሰውነት ውስጥ ተደብቆ የቆየውን ሳንባ ነቀርሳ በድንገት ሲያጠቃ ሕመሙ ለጊዜው ይብሳል።

ይህ ሞት ከመንደሩ ቅነሳ ጋር የማይጋጭ መሆኑን በቀላል ስሌት ላሳይ፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የተፈጠሩ ናቸው። በአንድ አካባቢ በጽኑ የታመሙ 100 ሰዎች አሉ እንበል። ሕክምና ባልነበረበት ዓመት ከእነርሱ 60ዎቹ ቤታቸው ይሞታሉ፤ በጤና ጣቢያው መዝገብ ግን አንድም ሞት አይጻፍም፣ መዝገቡ ራሱ የለምና። በቀጣዩ ዓመት ሕክምናው ተከፍቶ መቶዎቹም ቢጀምሩና 20ዎቹ ቢሞቱ፣ ጤና ጣቢያው ከምንም ተነሥቶ የ20 በመቶ ሞት ያስመዘግባል፤ መንደሩ ግን 40 ሰው አትርፏል። እርስዎ በመዝገብዎ የሚያዩት ሃያዎቹን ነው። አርባዎቹ የትም አይጻፉም፤ ያልሞተ ሰው ዓምድ የለውም።

ይህ ማለት ሃያዎቹን እንደ ዕጣ ፈንታ እንቀበል ማለት አይደለም። በኡጋንዳ፣ በዚምባብዌ፣ በማላዊና በኬንያ የሲዲ4 ቁጥራቸው ከ100 በታች የሆነ 1,805 ሰዎችን ያሳተፈና በ2017 የታተመ ሙከራ፣ ከፀረ ኤችአይቪው መድኃኒት ጋር ተጓዳኝ ሕመሞችን የሚከላከሉት ፍሉኮናዞል፣ አይሶናያዚድ፣ አዚትሮማይሲንና አልቤንዳዞል ከተለመደው የመከላከያ አንቲባዮቲክ ኮትሪሞክሳዞል ጋር ተጣምረው ሲሰጡ፣ በ24 ሳምንት የሚሞቱት ከ12.2 ወደ 8.9 በመቶ እንደቀነሱ አሳይቷል። እነዚህ ርካሽና የቆዩ መድኃኒቶች ናቸው።

ሕክምናው ወደ ገጠር መውረድ የቻለበት መንገድም ከሞቱ መቀነስ ተለይቶ አይታይም። በ2000 ገደማ የአንድ ሰው የዓመት መድኃኒት ከ10,000 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። በ2001 አንድ የሕንድ አምራች በ350 ዶላር ለማቅረብ ፈቃደኛ መሆኑን አስታወቀ፤ በ2023 ደግሞ ቴኖፎቪርን፣ ላሚቩዲንንና ዶሉቴግራቪርን በአንድ ክኒን የያዘው መድኃኒት ለዓመት ከ45 ዶላር በታች ይገዛ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2003 መጨረሻ "በ2005 ለ3 ሚሊዮን ሰዎች" ብሎ የያዘው ግብ በጊዜው ባይሳካም፣ በተባለው ቀን ሕክምና ላይ የነበሩት ወደ 1.3 ሚሊዮን ደርሰዋል፤ በ2024 ቁጥራቸው 31.6 ሚሊዮን ሆኗል። በዓለም ላይ በኤድስ የሚሞተው ሰው በ2004 ወደ 2 ሚሊዮን ገደማ ደርሶ የነበረ ሲሆን በ2024 ወደ 630,000 እንደወረደ ይገመታል።

የዋጋው መውረድ ብቻውን ግን ገጠርን ባልደረሰ ነበር። በመጀመሪያ ሕክምናው በትልልቅ ሆስፒታሎች፣ በሐኪም እጅ፣ በየሦስት ወሩ ከሚደረግ የላቦራቶሪ ምርመራ ጋር ነበር የሚሰጠው፤ ይህ አሠራር እንደጸና ቢቀር ኖሮ የገጠሩ ሰው ተራው ሳይደርሰው ይሞት ነበር። በኡጋንዳና በዚምባብዌ ከ3,300 በላይ ታካሚዎች የተሳተፉበትና በ2010 የታተመ ሙከራ የተለመደውን የላቦራቶሪ ክትትል ያገኙትን፣ ሐኪሞች በምልክት ብቻ ከተከታተሏቸው ጋር አነጻጸረ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት በቅደም ተከተል 90 እና 87 በመቶ ናቸው። ልዩነት አለ፣ ግን ላቦራቶሪ የለም ተብሎ ሕክምናን ለመከልከል የሚያበቃ አይደለም። በኡጋንዳ ጂንጃ የተካሄደ ሌላ ሙከራ ደግሞ የሠለጠኑ የመስክ ሠራተኞች መድኃኒቱን ቤት ድረስ ሲያደርሱ የሚገኘው ውጤት ከክሊኒኩ የማያንስ መሆኑን አሳየ። ነርሶች ሕክምና እንዲያስጀምሩ፣ የማኅበረሰብ ሠራተኞችም እንዲከታተሉ የተፈቀደው በእንዲህ ያሉ ማስረጃዎች ላይ ተመሥርቶ ነው። የገጠር ታካሚን ከሕክምና የሚያርቀው ነጻ የሆነው ክኒን ሳይሆን የመንገዱ ርቀትና በመንገዱ የሚባክነው የሥራ ቀን ነው፤ የካሮንጋው መንገድ የነገረንም ይህንኑ ነው።

በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ሕክምናውን መጀመር የሚፈቀድበት ወሰንም ደረጃ በደረጃ ሰፍቷል፤ መጀመሪያ የሲዲ4 ቁጥሩ ከ200 በታች ለሆነ፣ በ2010 እስከ 350፣ በ2013 እስከ 500፣ በ2015 ደግሞ ቁጥሩ ስንትም ይሁን ቫይረሱ ለተገኘበት ሁሉ። ከሞት ቅነሳ አንጻር የመጀመሪያው ደረጃ በአንድ ታካሚ ያተረፈው ሕይወት ከሁሉም ይበልጣል ባይ ነኝ፤ ያኔ የሚታከሙት በሞት አፋፍ ላይ የነበሩ ናቸውና። የኋለኞቹ ደረጃዎች ትርፍ ሰው እዚያ አፋፍ ላይ እንዳይደርስና ቫይረሱን ወደ ሌላ እንዳያስተላልፍ ማድረጋቸው ነው። በኡምካንያኩዴ ሕክምና ከሚያስፈልጋቸው ከ30 እስከ 40 በመቶው በታከሙባቸው ሠፈሮች የሚኖር ጤነኛ ሰው፣ ከ10 በመቶ በታች ከታከሙባቸው ሠፈሮች ነዋሪ ይልቅ በቫይረሱ የመያዝ ዕድሉ በ38 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ሕክምና በሰፋበት አካባቢ ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ሰዎች ድርሻ ሊጨምር ይችላል። ይህን ያዩ አንዳንድ ባለሥልጣናት ፕሮግራሙ እንደከሸፈ ሲናገሩ ይሰማል፤ እውነቱ ግን በፊት ይሞቱ የነበሩት በሕይወት ስላሉ ድርሻው መጨመሩ ነው።

ጥቅሙ ከታካሚው ያልፋል። በኡጋንዳ ቶሮሮ ገጠር ቤተሰቦችን የተከታተለና በ2008 የታተመ ጥናት፣ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትና ኮትሪሞክሳዞል የወሰዱ አዋቂዎች ሞት ምንም ካልተደረገበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር በ95 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። በእነዚሁ ቤቶች የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች የሆነ፣ ቫይረሱ የሌለባቸው ልጆች ሞትም በ81 በመቶ ቀንሷል። እነዚህ ልጆች አንዲት ክኒን አልዋጡም፤ እናትና አባታቸው ግን በሕይወት አሉ። ስለ ገጠር ሞት ሲጠና ይህ ክፍል በአብዛኛው ከስሌት ውጭ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

አሁንም የሚሞቱት እነማን ናቸው? እዚህ ላይ የመንደሩ መዝገብ ከክሊኒኩ መዝገብ የተለየ ነገር ይነግረናል። በኡምካንያኩዴ ከ2003 እስከ 2011 የሴቶች የሚጠበቅ ዕድሜ ከ51.3 ወደ 64.5 ሲያድግ የወንዶቹ ከ46.9 ወደ 55.9 ነው ያደገው። ሁለቱም አትርፈዋል፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን ከ4.4 ወደ 8.6 ዓመት ሰፋ። ከኤችአይቪ ጋር በተያያዘ ከሞቱት ወንዶች 57 በመቶው፣ ከሴቶቹ ደግሞ 41 በመቶው ለበሽታው ሕክምና ፈልገው የማያውቁ ነበሩ። ሴቶች በእርግዝና ክትትል ጊዜ ስለሚመረመሩ ሳይታመሙ ያውቃሉ፤ ወንዶች ወደ ጤና ተቋም የሚያስገባ ተመሳሳይ አጋጣሚ የላቸውም፣ የሥራ ሰዓታቸውም ከተቋሙ ሰዓት ጋር ይጋጫል። የክሊኒክ መዝገብ ብቻ ቢታይ ችግሩ የወንዶች ክኒን አለመዋጥ ይመስል ነበር፤ እውነተኛው ችግር ግን ጨርሶ አለመምጣታቸው ነው።

ይህ ክፍተት እንደሚጠብ የሚያሳዩ ሙከራዎች አሉ። በኬንያና በኡጋንዳ 32 የገጠር ማኅበረሰቦች የተካሄደውና በ2019 የታተመው ጥናት የኤችአይቪን ምርመራ ከደም ግፊት፣ ከስኳርና ከመሳሰሉት ጋር በአንድ የጤና ዘመቻ አጣምሮ ሰጠ፤ ሰው "ለኤችአይቪ ሊመረመር መጣ" ሳይባል እንዲመረመር ማለት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ቫይረሱ በደማቸው ከሚገኝባቸው መካከል መጠኑ የተገታላቸው በዘመቻው ማኅበረሰቦች 79 በመቶ፣ በማነጻጸሪያዎቹ 68 በመቶ ሲሆኑ፣ በእነዚሁ ሰዎች መካከል የታየው ሞት በ23 በመቶ ያነሰ ነበር። በአዲስ የሚያዙት ሰዎች ቁጥር ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልታየም፤ አንዱ ምክንያት በማነጻጸሪያዎቹም ሕክምናው በዚያው ጊዜ እየሰፋ መምጣቱ ነው። በሌሶቶ ገጠር ደግሞ ቤታቸው ተመርምረው በዚያው ቀን መድኃኒት ከተሰጣቸው መካከል 68.6 በመቶው በሦስት ወር ውስጥ ከጤና ተቋም ጋር ሲገናኙ፣ በተለመደው መንገድ "ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ" ከተባሉት የደረሱት 43.1 በመቶ ናቸው።

የተገኘው ቅነሳ ደግሞ አንዴ ከተገኘ የሚቀመጥ ሀብት አይደለም፤ በየቀኑ በሚዋጥ ክኒን የቆመ ነው። በ2006 የታተመው፣ 5,472 ሰዎች የተሳተፉበት ዓለም አቀፍ ሙከራ፣ ሕክምናን በዕቅድ እያቋረጡ መስጠት የሞትንና የተጓዳኝ በሽታን አደጋ በ2.6 እጥፍ እንደሚያሳድግ በማሳየቱ ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደርጓል። በ2025 የአሜሪካ የውጭ እርዳታ በድንገት ሲቋረጥ ባለሙያዎች የደነገጡት በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒት በመጋዘን ቢኖር እንኳ የጠፉትን የሚፈልግ ሠራተኛ ሲቀነስ፣ ሞቱ መጀመሪያ የሚታየው በመንደሩ ነው፤ በመዝገቡ ላይ የሚጨምሩት ሙታኑ ሳይሆኑ "የጠፉት" ናቸው።

በእጅዎ ባለው መረጃ ምን ማድረግ እንደሚችሉ ልጨምር። ታካሚዎችን ሁሉ አንድ ላይ ከመቁጠር ይልቅ በጀመሩበት ዓመት ይክፈሏቸው፤ የየዓመቱን ጀማሪዎች የመጀመሪያ ስድስት ወር ሞት ከቀጣዮቹ ወራት ለይተው፣ ሲጀምሩ ከነበራቸው የሲዲ4 ቁጥር ጋር አዛምደው ያስሉ። የመጀመሪያ ወራት ሞት ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ከሆነና ዘግይተው የሚመጡትም እያነሱ ከሆነ ፕሮግራሙ ወደ ጤናማ ደረጃ እየገባ ነው፤ ዘግይተው የሚመጡት ሳያንሱ ሞቱ ብቻ ከቀነሰ የጠፉትን ዓምድ ይጠርጥሩ። የመንደር ሞት መረጃ ካገኙ፣ ከቀብር ማኅበራትም ቢሆን፣ ከ15 እስከ 59 ያሉትን ከ60 በላይ ካሉት ለይተው ሕክምናው ከመጀመሩ በፊትና በኋላ ያነጻጽሩ። ከዚያም ከጠፉት ዝርዝር ውስጥ 50 ስሞችን በዕጣ ያውጡና የታካሚን ምሥጢር መጠበቅ የሚያውቅ፣ ለምን እንደመጣ ለጎረቤት የማይናገር ሠራተኛ ቤታቸው ድረስ ይላኩ። ከሃምሳዎቹ ስንቱ እንደሞቱ ሲያውቁ ያንን ድርሻ በጠፉት ጠቅላላ ቁጥር ያባዙትና በመዝገቡ ላይ ካሉት ሞቶች ጋር ይደምሩት፤ የሚያገኙት ቁጥር ለበላይ አካል ከሚላከው ሪፖርት ከፍ ያለ ይሆናል፣ ግን በእርሱ ላይ ተመሥርቶ ማስላት ይቻላል።